ነጭ ደም፦ የአንድ በሽታ ስም ታሪክ

በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት አንዳንድ በሽታዎች በስማቸው አይጠሩም። «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል፤ ወይም «ደሟ ላይ ትንሽ ነገር ታየ» ተብሎ ይታለፋል። የምርመራውን ውጤት ቀድሞ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ታማሚው ሳይሆን ታላቅ ወንድሙ ነው፤ አለዚያም ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለችው እኅቱ ናት። ቤተሰቡ በስልክ ተማክሮ መጀመሪያ የሚወስነውም «እሱ እንዳይሰማ» የሚለውን ነው። ልማዱ ከክፋት አልመጣም። ስሙን መስማት ብቻውን ሰውን ይጥላል ከሚል ስጋት የመጣ ነው። መርዶ እንዴት፣ መቼና በማን አንደበት እንደሚነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ማኅበረሰብ፣ የደም ካንሰርንም እንደ መርዶ ቢይዘው አያስደንቅም።

ስጋቱ መሠረት ነበረው። ይህ በሽታ ስም ከወጣለት ጀምሮ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ስሙ ከመርዶ እምብዛም አይለይም ነበር። ከደም ካንሰሮች በአንዱ፣ ሐኪሞች ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ወይም በአጭሩ ሲኤምኤል በሚሉት ላይ ግን፣ ከ2001 ወዲህ የስሙ ትርጉም ተለውጧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሽታው ዛሬም ያው በሽታ ነው፤ በእሱ የተያዘው ሰው ዕጣ ግን ሌላ ሆኗል። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ፣ እነማን እንደደከሙበት፣ አዲስ አበባ ድረስስ እንዴት እንደደረሰ ማወቅ ለሕክምና ታሪክ ወዳጆች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ስሙን ስለመደበቅ የሚደረገውን የቤተሰብ ምክርም ይነካል።

ሁለት ሐኪሞች፣ አንድ ዓይነት ደም

በ1845 መጀመሪያ ላይ በስኮትላንዷ ኤድንብራ አንድ የ28 ዓመት ወጣት ሆስፒታል ገባ። ሥራው የቤት ጣሪያ በድንጋይ ንጣፍ መክደን ነበር። ሃያ ወራት ቀደም ብሎ ጉልበት ያንሰው ጀመር፤ ከዚያም በሆዱ ግራ በኩል እብጠት አየ። ያበጠው ጣፊያው ነበር። በማርች ወር ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ጆን ሂዩዝ ቤኔት ደሙን በማይክሮስኮፕ ሲያየው መግል ውስጥ የሚገኙትን በሚመስሉ ቀለም አልባ ሴሎች ተሞልቶ አገኘው። ደሙ ራሱ መግሏል ብሎ ደመደመ።

በዚያው ዓመት፣ ከጥቂት ሳምንታት ልዩነት በኋላ፣ በርሊን በሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የ24 ዓመቱ ሩዶልፍ ፊርሾ ተመሳሳይ ነገር አሳተመ። የእሱ ታማሚ በምግብ ማብሰል ሥራ ትተዳደር የነበረች ሴት ናት። ጣፊያዋ አብጦ ነበር፤ ደሟም በነጭ ሴሎች ተሞልቷል። ፊርሾ ግን መግሉ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። መግል የሚያመነጭ ቁስል አልነበረም። ስለዚህ ስለ መንስኤው ሳይደመድም ያየውን ብቻ ጻፈ፤ «ነጭ ደም» አለው። በ1847 ይህንኑ በግሪክኛ አደረገውና ሉኪሚያ የሚለው ስም ተወለደ። ቤኔትም በበኩሉ ሌላ ስም አወጣ፤ ማን ቀደመ በሚለው ሁለቱ ለዓመታት ተከራከሩ። በመጨረሻ የጸናው የፊርሾ ስም ነው። ከማያውቀው ነገር ይልቅ የሚያየውን የሚናገር ስም ነበርና።

ቁጥር መቀነስና ሰው ማዳን

ስም መገኘቱ ግን ለታማሚው ምንም አልፈየደም። ሲኤምኤል በዝግታ የሚሄድ በሽታ ነው። የሚጀምረው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ባለች አንዲት ደም ሠሪ ሴል ነው። ይህች ሴል ከልክ በላይ መባዛት ትጀምራለች፤ ዘሮቿም ደሙን ያጥለቀልቃሉ፣ ጣፊያንም ያሳብጣሉ። ሕክምና ከሌለ የመጀመሪያው ደረጃ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያህል ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ይሠራል፣ ይጋባል፣ ልጅ ያሳድጋል፤ ድካሙንና የሆዱን መክበድ ለሌላ ምክንያት ይሰጠዋል። ከዚያ በሽታው ፊቱን ያዞርና ወደ ፈጣኑ ዓይነት ሉኪሚያ ይለወጣል። የሚቀረው ጊዜ የወራት ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች የሚሰጡት አርሴኒክ፣ ማለትም መርዝ፣ ነበር። በ1882 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ወጣት ሐኪም አንድን የሉኪሚያ ታማሚ በአርሴኒክ እንዴት እንዳከመ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ አወጣ። ሐኪሙ አርተር ኮናን ዶይል ይባላል፤ ከዓመታት በኋላ በሼርሎክ ሆምስ ታሪኮቹ ዓለም ያወቀው ደራሲ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ ጣፊያን በኤክስሬይ ማቃጠል ተጀመረ። በ1950ዎቹ ቡሱልፋን የተባለ ኪኒን መጣ፤ ሃይድሮክሲዩሪያም ተከተለው።

እነዚህ ሁሉ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። የነጭ ሴሎቹን ቁጥር ይቀንሳሉ፣ ጣፊያውን ያሟሽሻሉ፣ ታማሚው ቀለል ይለዋል። የበሽታውን መጨረሻ ግን አይለውጡም። በአሜሪካ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲኤምኤል ከተገኘባቸው ሰዎች አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቤተሰቦች ስሙን የፈሩት በዚህ ዘመን ነው፤ የፈሩትም በከንቱ አልነበረም።

ትንሿ ክሮሞዞም

ለውጡ የተጀመረው መድኃኒት ከሚፈልጉ ሰዎች ዘንድ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ፒተር ናውል የሉኪሚያ ሴሎችን በመስታወት ላይ አሳድገው ሲያጥቡ የተጠቀሙት ተራ የቧንቧ ውኃ ነበር። ውኃው ሴሎቹን ነፋቸውና ክሮሞዞሞቹ ተለያይተው ተዘረጉ፤ አንድ በአንድ የሚታዩ ሆኑ። ናውል ስለ ክሮሞዞም ብዙም አያውቁም ነበርና ያወቀ ሰው ፈለጉ። ያገኙት በዚያው በፊላደልፊያ ከተማ ገና በትምህርት ላይ የነበሩትን ዴቪድ ሀንገርፎርድን ነው። ሀንገርፎርድ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ በሲኤምኤል ታማሚዎች ሴሎች ውስጥ አንድ ከልክ በላይ አጭር ክሮሞዞም ደጋግመው አዩ። በ1960 ግኝቱን አሳወቁ። ክሮሞዞሟም በከተማዋ ስም ፊላደልፊያ ክሮሞዞም ተባለች። ካንሰር ከአንድ የተወሰነ የዘር ለውጥ ጋር ሲያያዝ የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው።

ጎዶሎው የት እንደሄደ ለማወቅ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ያገኙት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዋ ጃኔት ራውሊ ናቸው። ራውሊ የአራት ወንዶች ልጆች እናት ነበሩ፤ ልጆቹን እያሳደጉ ለብዙ ዓመታት በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይሠሩ ነበር። የክሮሞዞሞቹን ፎቶግራፎች ቤታቸው ወስደው በምግብ ጠረጴዛው ላይ በመቀስ እየቆረጡ ጥንድ ጥንዱን ያዛምዷቸው ነበር። ልጆቻቸው እናታቸው በወረቀት አሻንጉሊት ለመጫወት ደመወዝ ይከፈላታል እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ራውሊ ያዩት፣ ከ22ኛው ክሮሞዞም የጎደለው ቁራጭ ጠፍቶ እንዳልቀረ ነው፤ 9ኛው ክሮሞዞም ጫፍ ላይ ተለጥፏል። ሁለቱ ክሮሞዞሞች ቁራጭ ተለዋውጠዋል። ጽሑፋቸው በ1973 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። ያን ጊዜ ብዙ ተመራማሪዎች የክሮሞዞም መዛባት የካንሰር ውጤት እንጂ መንስኤ አይደለም ይሉ ስለነበር ሐሳባቸው ተቀባይነት ለማግኘት ዓመታት ወሰደበት።

በ1980ዎቹ የልውውጡ ትርጉም ግልጽ ሆነ። ሁለቱ ቁራጮች በተጋጠሙበት ቦታ ሁለት ዘረመሎች ተጣብቀው አንድ አዲስ ዘረመል ይፈጥራሉ። ይህ ዘረመል የሚያሠራው ፕሮቲን ሴሏን «ተባዢ» እያለ የሚያዝ ኤንዛይም ነው። በጤነኛ ሴል ውስጥ እንዲህ ያለ ኤንዛይም እንደ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል። ይኸኛው ግን ማጥፊያው የተሰበረ ነው፤ ሌትና ቀን እንደበራ ይኖራል። በ1990 ይህንን ዘረመል ወደ አይጦች መቅኔ በማስገባት ያንኑ በሽታ ማስያዝ እንደሚቻል ታየ። እንግዲህ በሽታው አንድ ጠላት፣ ጠላቱም አንድ አድራሻ እንዳለው ተረጋገጠ።

መቅኔ ፍለጋ

ሳይንሱ በዚህ መንገድ እየተጓዘ ሳለ ታማሚዎች የሚጠብቁት ጊዜ አልነበራቸውም። በ1980ዎቹ ኢንተርፌሮን የተባለ መርፌ መጣ፤ አንዳንዶችን ረዳ፤ ነገር ግን ለብዙዎች በየቀኑ የሚወጋ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያመጣ፣ መንፈስንም የሚያደቅቅ ሕክምና ነበር። ፈጽሞ የማዳን ተስፋ የነበረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የታመመውን መቅኔ አጥፍቶ የሌላ ሰው መቅኔ መስጠት። ይህንን ሕክምና ለፍሬ ያበቁት ዶናል ቶማስ ሲሆኑ በ1990 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባለቤታቸው ዶቲ ቶማስ ከመጀመሪያው ጀምሮ በቤተ ሙከራው አብረዋቸው ሠርተዋል፤ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች የመቅኔ ንቅለ ተከላ እናት ይሏቸዋል።

ንቅለ ተከላው ግን የሚስማማ ሰው ይፈልጋል። በእናትም በአባትም አንድ የሆኑ እኅትና ወንድም ሙሉ በሙሉ የመስማማት ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ቤተሰብ ውስጥ ካልተገኘ በጎ ፈቃደኞች ወደተመዘገቡባቸው መዝገቦች ይኬዳል። እዚህ ላይ ትውልድ ይቆጠራል። መስማማቱን የሚወስኑት የሴል ምልክቶች ከአያት ቅድመ አያት ስለሚወረሱ፣ ለአንድ ሰው የሚስማማው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከራሱ ወገን ነው። በ2014 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነጮች በመዝገቡ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ሰው የማግኘት ዕድላቸው 75 በመቶ ሲሆን የአፍሪካውያን አሜሪካውያን 19 በመቶ ገደማ ነው። አንዱ ምክንያት አፍሪካ ውስጥ ያለው የዘር ብዝኃነት ከየትኛውም አህጉር የሚበልጥ መሆኑ ነው። ሌላው ግን የተመዘገበው ሰው ማነስ ነው፤ ይህ ደግሞ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሊለውጡት የሚችሉት ነገር ነው። ለመመዝገብ የሚያስፈልገው የጉንጭን ውስጥ በጥጥ መጥረግ ብቻ ነው። ሲኤምኤል ዛሬ ንቅለ ተከላ የሚፈልገው አልፎ አልፎ ቢሆንም ለሌሎች የደም ካንሰሮች ግን መቅኔ ዛሬም የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

በዚያ ዘመን መቅኔ ፍለጋ አገራቸውን ጥለው ከወጡት መካከል ማክስ የተባለ አንድ አርጀንቲናዊ ታዳጊ ይገኝበታል። በ14 ዓመቱ ሲኤምኤል ተገኘበትና ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ይዞት መጣ። በ1991፣ በ17 ዓመቱ ሞተ። የእንጀራ እናቱ ፓት ጋርሲያ ጎንዛሌዝ ከቤተሰቡ ጋር ሆነው በ1997 በስሙ አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ሲያቋቁሙት በሽታው መድኃኒት አልነበረውም። ማክስ ፋውንዴሽን የተባለው ይህ ድርጅት ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ድረስ የሚዘልቅ ሥራ ይጠብቀው ነበር።

ኪኒኗ

ብራያን ድራከር የደም ካንሰር ሐኪም ናቸው። በቦስተን ሳሉ ታማሚዎቻቸው በተከታታይ ሲሞቱ ያዩት እኚህ ሐኪም፣ ያንን ማጥፊያው የተሰበረ ኤንዛይም የሚያጠፋ ነገር ይፈልጉ ነበር። በስዊዘርላንዷ ባዝል ደግሞ ኒኮላስ ላይደንና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ያሉ ኤንዛይሞችን የሚገቱ ውሕዶች እየቀመሙ ነበር። ድራከር በ1993 ወደ ኦሪገን ተዛውረው ውሕዶቹን ከታማሚዎች በተገኙ ሴሎች ላይ ሞከሩ። ከእነሱ አንዱ የታመሙትን ሴሎች ገድሎ ጤነኞቹን ይተዋል። ሥራው ኤንዛይሙ ጉልበት የሚቀበልበትን ቀዳዳ መድፈን ነው። ውሕዱ በኋላ ኢማቲኒብ፣ በገበያ ስሙ ግሊቬክ ተባለ።

ኩባንያው አመነታ። በአሜሪካ በዓመት በዚህ በሽታ የሚያዙት አምስት ሺህ ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩና መድኃኒቱ ወጪውን የሚመልስ አልመሰለውም። ከብዙ ውትወታ በኋላ በጁን 1998 በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ተጀመረ። የገቡት ኢንተርፌሮን ያልሠራላቸው ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የተሰጣቸው በጣም ትንሽ መጠን ነበር፤ ዓላማው መድኃኒቱ እንዳይጎዳ ማረጋገጥ እንጂ ማዳን አልነበረም። መጠኑ እየጨመረ ሄዶ በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ ከ54 ታማሚዎች የ53ቱ የደም ቁጥር ወደ ጤነኛ ሰው ተመለሰ። በካንሰር ሕክምና እንዲህ ያለ ውጤት ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ወሬው በታማሚዎች ዘንድ ፈጥኖ ተዛመተ፤ መድኃኒቱ ግን በበቂ አልተመረተም። በ1999 በሞንትሪያል የምትኖር አንዲት የሲኤምኤል ታማሚ ሴት በኢንተርኔት ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች። ከ3,000 በላይ ፊርማ ሰብስባ ለኩባንያው ለኖቫርቲስ ኃላፊ ላከች። ኩባንያው ምርቱን አሰፋ። በሜይ 10 ቀን 2001 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኢማቲኒብን አጸደቀ፤ ማመልከቻውን ለመመርመር የወሰደበት ሦስት ወር እንኳ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ የተደረገ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ኢማቲኒብ ከጀመሩ ታማሚዎች ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 83 በመቶ ገደማ ናቸው። በፈረንሳይ ደግሞ በ2010 የወጣ ጥናት፣ በሽታው ለሁለት ዓመት በምርመራ ሳይታይባቸው የቆዩ ሰዎች በሐኪም ክትትል መድኃኒቱን ቢያቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ 41 በመቶ ያህሉ በሽታው እንዳልተመለሰባቸው አሳየ። በ1970ዎቹ ከአራት ሰው አንዱ እንኳ አምስት ዓመት የማይሞላለት በሽታ፣ እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት አብረውት የሚኖሩት ሆነ።

ዋጋና ድንበር

ይህ ሁሉ ግን ኪኒኑን ላገኘ ሰው ነው። በአሜሪካ የአንድ ዓመት ዋጋው በ2001 ሠላሳ ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2012 ወደ 92 ሺህ ዶላር ደረሰ። በ2013 ከመቶ በላይ የሚሆኑ የበሽታው ሊቃውንት ዋጋውን በመቃወም በጋራ ጻፉ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 1 ቀን የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኖቫርቲስን የፓተንት ጥያቄ ውድቅ አደረገ። የሕንድ ፋብሪካዎችም ያንኑ መድኃኒት በብዙ እጥፍ በረከሰ ዋጋ መሥራታቸውን ቀጠሉ።

በሌላ በኩል ኖቫርቲስ ከ2002 ጀምሮ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ መክፈል ለማይችሉ የድሃ አገር ታማሚዎች መድኃኒቱን በነጻ መስጠት ጀመረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ መንገድ ኪኒኑን አግኝተዋል። ሁለቱ ነገሮች፣ ልገሳውና የዋጋው ክርክር፣ አብረው መነሳት አለባቸው። ልገሳ ሕይወት ያድናል፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት በሰጪው ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል የታማሚውም ዕድሜ አብሮ ይንጠለጠላል።

ኢትዮጵያ በዚህ ፕሮግራም ከታቀፉት አገሮች አንዷ ናት፤ ቦታውም አዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። በዚያ የሚታየው በሽታ ግን በአውሮፓና በአሜሪካ መጻሕፍት ከሚገለጸው በመልኩ ይለያል። በምዕራቡ ዓለም ሲኤምኤል በአብዛኛው ስድሳ ዓመት አካባቢ ያሉ ሰዎች በሽታ ነው፤ ብዙዎቹም የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ በተደረገ የደም ምርመራ ነው። በኢትዮጵያ ግን የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ወጣት መሆኑ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ የሚመጡትም ጣፊያቸው ሆዳቸውን ሞልቶ ነው። ወባና ካላዛር ባለበት አገር የጣፊያ እብጠት ቶሎ ካንሰርን አያሳስብም፤ ታማሚው ከጤና ጣቢያ ወደ ጠበል፣ ከጠበል ወደ ሆስፒታል ሲመላለስ ወራት ያልፋሉ።

የታማሚዎቹ ወጣትነት ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ኢማቲኒብ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል አንዲት ሴት እየወሰደችው እንድታረግዝ አይመከርም። ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ታማሚ ይህንን ማወቅ፣ ጊዜውንም ከሐኪሟ ጋር መወሰን አለባት። ኪኒኑ ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር መዋጥ ስላለበትም የጾም ነገር አብሮ ይነሳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም መቼ እንደሚውጠው ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል። ክትትሉም ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚያሳየው በደም ውስጥ የቀረውን የተዛባ ዘረመል የሚለካ ምርመራ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በሚያገለግለው ጂንኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ይህንኑ ለመለካት የሚያስችል ካርትሪጅ መሠራቱ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ትልቅ ነገር ነው።

ስሙን ማወቅ

የመድኃኒቱ ታሪክ ወደ ቤተሰብ ጓዳ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ2010 በለንደን ሀመርስሚዝ ሆስፒታል በ87 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። ተመራማሪዎቹ የመድኃኒቱ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር የሚመዘግብ ክዳን ተጠቅመው ለሦስት ወር ተከታተሉ። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የዋጡት ጥልቅ የሆነ የሕክምና ውጤት የማግኘት ዕድላቸው 94.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በታች የዋጡት ዕድል 28.4 በመቶ ብቻ ነበር። በወር ከሦስት ቀን በላይ መዝለል ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል።

ስሙን ያልተነገረው ሰው ይህንን ኪኒን ለምን በየቀኑ ይውጣል? ከጥቂት ወራት በኋላ ጣፊያው ይሟሽሻል፣ ጉልበቱ ይመለሳል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። በሰውነቱ የሚሰማው ነገር ሁሉ «ድነሃል» ይለዋል። ኪኒኑ ደግሞ አንዳንዴ ያቅለሸልሻል፣ እግር ያስይዛል፣ ዓይን ያሳብጣል። «ለደም ማነስ ነው» ተብሎ የተሰጠውን መድኃኒት ጤነኛ ነኝ ብሎ ቢተወው ማን ይፈርድበታል? ወልዲያ ወይም ጅማ ያለ ሰው ስሙን ሳያውቅ ለምን በየጊዜው አዲስ አበባ ድረስ ደም ለማስመርመር ይመላለሳል? በአርሴኒክ ዘመን፣ በቡሱልፋንም ዘመን፣ ስሙን መደበቅ የበሽታውን መጨረሻ አያፋጥንም፣ አያዘገይምም ነበር። ዛሬ ግን የታማሚው እውቀት ከሕክምናው አንዱ ክፍል ሆኗል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ሕመሙን ለሚደብቅ ሰው ነበር፤ አሁን ከታማሚው ለሚደብቁትም ይሠራል።

በውጭ አገር ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው። በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም ሐኪሙ በሕግም በልማድም የሚነግረው ለታማሚው ነው። ቋንቋውን የማይችሉ እናት ወይም አባት ሲታመሙ ግን አስተርጓሚ የሚሆነው ልጅ ነው። ልጁ «ሉኪሚያ» የሚለውን ሰምቶ «ደምሽ ትንሽ ታሟል» ብሎ ይተረጉማል። የሐኪሙ «በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል» የሚለው ማስጠንቀቂያም አብሮ ይለሳለሳል። ለዚህ ነው ብዙ ሆስፒታሎች ከቤተሰብ ውጭ የሆነ አስተርጓሚ የሚያቀርቡት፤ ቤተሰቡም እምቢ ሊለው አይገባም።

ይህ ማለት ግን ስሙ ያለ ምንም ርኅራኄ ይወርወር ማለት አይደለም። የደም ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። በሳምንታት ውስጥ የሚያጣድፉ ሉኪሚያዎች አሉ፤ ሊምፎማም፣ ማይሎማም የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ኢማቲኒብ ለአብዛኞቹ መድኃኒታቸው አይደለም። ስለዚህ ቤተሰብ ከሐኪም ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «እንንገረው ወይስ እንደብቀው?» የሚለውን አይደለም። «የትኛው ዓይነት ነው? መድኃኒቱስ ምንድን ነው? እኛስ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?» የሚለውን ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያገኘ ቤተሰብ ለታማሚው የሚነግረው ስሙን ብቻ አይሆንም፤ ከስሙ ጋር የሚደረገውንም ይነግረዋል።

አስታማሚነት በኢትዮጵያ ቀላል ሥራ ሆኖ አያውቅም። አልጋው ሥር የሚያድሩ፣ ምግብ የሚያመላልሱ፣ ደም የሚሰጡ፣ ለመድኃኒት ቤት ወረፋ የሚይዙ ዘመዶች ባይኖሩ ሆስፒታሎቹ አይሠሩም ነበር። ሲኤምኤል ከአስታማሚው የሚጠይቀው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለሳምንታት የሚደረግ ርብርብ ሳይሆን ለዓመታት የሚቀጥል ትንሽ ነገር ይፈልጋል። ማታ እራት ላይ «ኪኒንህን ዋጥህ?» ብሎ መጠየቅ፣ የቀጠሮውን ቀን ማስታወስ፣ ለመኪና የሚሆን ብር መላክ። ጠያቂውም ተጠያቂውም ኪኒኑ ለምን እንደሆነ ካወቁ ጥያቄው አምስት ሰከንድ አይፈጅም።